የአሥር አለቃው ኮሌታ

በሕይወቴ ስንት ወታደር እንዳለበስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ልብስ ሰፊ ግን አልነበርኩም፤ የተበጠሰ ቁልፌን እንኳ የምትተክልልኝ ባለቤቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። ሥራዬ ፎቶ ቤት ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ ዛሬ የሞባይል መሸፈኛ በሚሸጥበት ቤት ውስጥ፣ ባለቤቱ ከፊት ሆኖ ሰው ያነሳል፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ ብዬ የተነሳውን በቀጭን ብሩሽ አስተካክላለሁ። የጨፈነ ዓይን እከፍታለሁ፣ የወለቀ ጥርስ እተካለሁ፣ ክራቫት ለሌለው ክራቫት አስራለሁ። ሰው በፎቶ ላይ ከራሱ ትንሽ ተሽሎ መታየት ይወዳል፤ እኔም ነፍጌ አላውቅም። በሰፈሩ የእጄ ሥራ ያልተሰቀለበት ሳሎን አልነበረም ብል ጉራ ይሆንብኛል፤ ይሁን፣ በዚህ ዕድሜ ትንሽ ጉራ ይፈቀዳል።

ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ኔጋቲቮቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው በቆሻሻ መኪና ወደ ቆሼ ተጫኑ። በር ላይ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ ምሳዬን በልቼ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ብሩሽ አልያዝኩም፣ ስለ ሥራውም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ተከራያችን ናት። ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል የምትኖር፣ ታሪክ የተማረች፣ ጀርመንኛ በማታ ትምህርት የለመደች ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተጎልታ ስለማያት አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

«ፎቶ ነው የማየው፣ ጋሼ።»

«የማንን ፎቶ?»

«የጀርመን ወታደሮች። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት የተነሱ።»

«ዘመዶችሽ ናቸው?»

ሳቀች። ከዚያ በወጉ አስረዳችኝ። እዚያ አገር በየቤቱና በየሱቁ ወድቀው የተገኙ የወታደር ፎቶዎች አሉ፤ ስም የላቸውም። የሰበሰቧቸው ሰዎች በኢንተርኔት ይልኩላታል። እሷ ልብሱን አይታ የየትኛው የጦር ክፍል እንደሆነ በፎርም ላይ ትሞላለች፤ የጦር ክፍሉ ከታወቀ እዚያ ያሉት ከድሮ መዝገብ ጋር አመሳክረው ስሙን ይፈልጋሉ።

«የሞተ ፈረንጅ ስም ለመፈለግ ከኮልፌ ሰው ይቀጠራል?» አልኳት።

«መብራት ካልጠፋ ከየትም ይቀጠራል።»

መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር አጠገቧ የተቀመጥኩት። ኋላ ግን ከሰዓት በኋላ ወንበሬን ይዤ መሄድ ልማድ ሆነብኝ። ወታደሮቹ ጠንካራ ካርቶን ላይ የተለጠፉ የመዳፍ ያህል ፎቶዎች ናቸው። እሷ ቁልፍ ትቆጥራለች፣ ትከሻው ላይ ያለውን ቁጥር ታጎላለች፣ የእጅጌውን አቆራረጥ ከመጽሐፍ ጋር ታስተያያለች፣ ካርቶኑን ገልብጣ የፎቶ ቤቱንና የከተማውን ስም ታነባለች። እኔ ደግሞ የማየው ሌላ ነው። አንዱ ጎረምሳ ክንዱን የደገፈበት ባለቅርጽ ወንበር በሦስት የተለያዩ ሰዎች ፎቶ ላይ እንዳለ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ሦስቱም አንድ ፎቶ ቤት ገብተዋል ማለት ነው፤ ከሦስቱ ያንዱ ካርቶን ጀርባ ላይ የከተማው ስም ስለነበረ የቀሩት ሁለቱም አብረው አገር አገኙ። ከወታደሮቹ ቀድሞ የታወቀው ወንበሩ ሆነ። ተከራያችን ያን ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር» ስትለኝ እኔም አልተከራከርኩም።

አንድ ሰኞ በፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ጎራዴ የመዘዘ፣ ባለቀለም ወታደር አሳየችኝ። ከሥሩ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። ሰዎቹ ይለያያሉ፤ ፈረሱ ግን አንድ ነው፣ ያነሳው እግሩ እንኳ ያው እግር ነው። ሳቄ መጣ፤ እስኪያስለኝ ሳቅኩ።

«ምን አገኙ ጋሼ?»

«የሙያ ባልደረባዬን አገኘሁ» አልኳት። «ብርሃኑን እይ። ፊቱ ላይ ከግራ ነው የመጣው፤ ፈረሱ ላይ ከቀኝ። አንገቱ ዙሪያ ያለውንም መስመር እይ። ፈረሱም ልብሱም የታተመ ሥዕል ነው። የሰውየው ጭንቅላት ብቻ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ ተለጥፎበታል።»

አፍጥጣ አየች፣ አጎላች፣ ከዚያ ራሷን ያዘች። ከእነዚያ ፈረሰኞች የሁለቱን የጦር ክፍል ከልብሳቸው አውጥታ ልካ ኖሯል። ልብሱ ውሸት ሊሆን እንደሚችል አላሰበችም። ተመልሳ በሁለቱም ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገች። እንዴት እንዳወቅኩ ስትጠይቀኝ «ሥራዬ ነበር» አልኩና ዝርዝሩን አለፍኩት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፌ ያመለጠኝ ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ከመንገዳችን መግቢያ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ዘንድ ዳቦ ልገዛ ሄጄ፣ ስለ ተከራያችን ተኩራርቼ ወሬ ጀመርኩ። ልብስ አይታ ብቻ የሞተ ወታደር የየትኛው ጦር እንደሆነ ታወጣለች አልኳት። ጎረቤቴ ዳቦውን ፌስታል ውስጥ ስታስገባ የነበረውን እጇን አቆመች። ልጅነቷን አውቃለሁ፤ አሁን እሷም ፀጉሯ ሸብቷል።

«ጋሼ፣ የኔንም ወንድም ታይልኝ ይሆን?» አለችኝ።

የወንድሟን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በደርግ ጊዜ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ ጥቂት ሲቀረው ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከዓመታት በኋላ አንድ ማለዳ የእድር ሽማግሌዎች በር አንኳኩተው ለአባቷ መርዶ ነገሯቸው። የት እንደወደቀ፣ ከማን ጋር እንደነበረ የነገራቸው አልነበረም። እናቷ እስኪሞቱ ድረስ «የወደቀበትን አገር ስም እንኳ ብሰማ» ይሉ ነበር። አሁን ደግሞ ቤቴል የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ወታደር አሉ፤ ለብዙ ሰው የጠፋ ዘመድ ወሬ ያፈላለጉ ናቸው። ለጎረቤቴም «የጦር ክፍሉን ስም ብቻ አምጪልኝ፣ ከዚያ ክፍል የተረፈ ሰው አላጣልሽም» ብለዋታል። በእጇ ያለው ማስረጃ ደግሞ አንድ ፎቶ ብቻ ነው።

ፎቶውን የዚያኑ ቀን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችው። ተከራያችን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ገልጣ አስቀመጠችው፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ፎቶው ትልቅ ነው፣ በቡናማ እንጨት ፍሬም የገባ። ጎላ ያሉ ዓይኖች ያሉት፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ የወታደር ኮት ለብሶ፣ ኮሌታው ላይ በሁለቱም በኩል ትንሽ ምልክት አለ። ልጁን አላስታወስኩትም። ኮቱን ግን አወቅኩት። እኔ ነኝ የቀባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ መርዶ በሰፈራችን በረከተ። ለለቅሶ ድንኳን ፎቶ ያስፈልጋል፤ አልቃሽ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ይዛ ነው የምታለቅሰው። ቤተሰቡ ያለው ግን ልጁ ለትምህርት ቤት የተነሳው ጉርድ ፎቶ ነው። ያንን ይዘው ይመጣሉ። ባለቤቱ በካሜራ አንስቶ በትልቁ ያትመዋል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። «ምን ላድርግልዎ?» እላለሁ። «ወታደር አድርግልኝ» ይሉኛል። ማዕረጉን፣ ክፍሉን ብጠይቅ አያውቁም። እኔም አላውቅም። ግድግዳችን ላይ ግን ፎቶ ተነስቶ ሳይወስደው የቀረ አንድ አሥር አለቃ ተሰቅሎ ነበር፤ እሱን እያየሁ ኮቱን እቀባለሁ። ኮሌታው ላይ የነበረው ምልክት ከሩቅ ስለተነሳ አይለይም ነበር። ባዶ እንዳልተወው ብዬ የባለቤቴን የክት ካፖርት ቁልፍ አየሁና እሷን ቀባሁ፤ አምስት ቅጠል ያላት አበባ የተቀረጸባት ቁልፍ ናት። ታምራለች። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ እሷኑ ደገምኩ።

ይህን ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጎረቤቴ ዓይኗን ከተከራያችን ፊት አልነቀለችም፤ ልጅቷ አጎንብሳ ቁልፏን፣ ይቅርታ፣ ምልክቱን ታያለች። ዝም አይነቅዝም ብዬ ወጣሁ። ነቀዘ እንጂ። በሁለተኛው ቀን መናገር ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ከበደኝ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ይልቅ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሬ።

ተከራያችን የጀርመኖቹን ሥራ ከሰዓት በኋላ አቁማ ለዚህ ፎቶ ትሠራ ጀመር። ምልክቱን አጉልታ አተመችው። ያገኘችውን የድሮ የጦር ምልክት ሁሉ አጠገቡ እየደረደረች ታመሳክራለች፤ የቀድሞ ወታደሮች በስልክ በሚያወሩበት ቡድን ውስጥ ገብታ ትጠይቃለች። የባለቤቴን ቁልፍ ያላየ የጦር አዋቂ አልቀረም። እኔ ዳቦ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ጎረቤቴ «ተገኘ ጋሼ?» ትለኛለች። «ትንሽ ቀረው» እላለሁ። ዳቦው አልጣፍጥ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ሻይ ውስጥ ነክሬ ነበር የምውጠው።

በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት ጎረቤቴ ስለ ወንድሟ አወራችልን። ልጅቷ ናት የጠየቀቻት፤ ለፎርም የለመደባት ነው፣ ቁመቱን፣ የተማረበትን፣ ደብዳቤው ላይ የነበረውን ቴምብር ሁሉ ጠየቀች። ጎረቤቴ ኳስ ይወድ እንደነበር፣ ሲበላ ያፏጭ እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ስለ ተጣሉበት ነገር አነሳች። ስምንተኛ ክፍል ሆና በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሹራብ ሠራችለት። ሹራቡ ሳያልቅላት ጥቁር ሰማያዊው ክር አለቀባት፤ አንገቱን በነጭ ጨረሰችው። ደረቱ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ዘልላ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተወችበት። ስታሳየው ሳቀባት።

«እንኳን መንገድ ለመንገድ፣ ለፎቶም አልለብሰውም አለኝ» አለች። «ከዚያ ወዲህ ሹራቡን ቤት ውስጥ አላየሁትም። ለሰው ሰጥቶት ነው ብዬ አኮረፍኩት። እንዳኮረፍኩት ወሰዱት።»

ልጅቷ «እትዬ፣ ይቺ ፎቶ ከየት ተገኘች?» ብላ ጠየቀች። ጎረቤቴም ከመርዶው በኋላ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ለፈተና ፎርም የተነሳትን ጉርድ ፎቶ ለአባቷ እንዳመጣላቸው፣ አባቷም ወስደው እንዳሳደጓት ነገረቻት። ትንሿን እሷ አላየቻትም፤ ከፎቶ ቤት አልተመለሰችም። ከእኛ ፎቶ ቤት ማለቷ ነው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆነው፣ ሐሙስ ቀን፣ ልጅቷ እየሮጠች መጣች። ከቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው፣ ምልክቱ የአንድ የጦር ክፍል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፏል። ክፍሉ የወደቀበትን ቦታም ስሙን ጠርቶ ጽፏል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ከአየር ጤና ታክሲ ይዘው ቤቴል ሊሄዱ፣ ወሬውን ለጡረተኛው ሊያደርሱ ተስማሙ። አርብ ወደ ሱቁ ስሄድ ጎረቤቴ ቀሚሷን ተኩሳ መደርደሪያው ላይ ሰቅላው ነበር። «አፈሩን አምጥቼ ከእናቴ መቃብር ላይ እበትነዋለሁ» አለችኝ።

ዳቦ ሳልገዛ ተመለስኩ። የሌላ ሰው አፈር ልታመጣ ነው፤ እኔ ዝም ካልኩ እስክትሞት የሌላ ሰው አገር ስም እየጠራች ልትኖር ነው። ሣጥን ከፍቼ የባለቤቴን ካፖርት አወጣሁ። ከታች አንዷ ቁልፍ ጎድላለች፣ ሌሎቹ አሉ። ልጅቷን ጎረቤቴን እንድትጠራልኝ ነገርኳት። ሁለቱም ሲመጡ ካፖርቱን ከፎቶው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ምልክቱ ይኸውላችሁ» አልኳቸው።

ቀድማ የገባት ልጅቷ ናት። ቁልፏን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ፈረሱ» አለች ብቻ። ለጎረቤቴ ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ መናገር ነበረብኝ፤ አሥር አለቃውን፣ ብሩሹን፣ ያለፈውን ሁለት ሳምንትም ጭምር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ ይሄን ምልክት ጠዋት ጠዋት ትስመው ነበር» አለች። «ማዕረጉ ነው እያለች።»

«አውቃለሁ ልጄ። ጥፋት የኔ ነው።»

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«ወታደር አድርግልኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ምልክቷን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ፎቶዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ቅዳሜ ቤቴል አልሄደችም። እሑድና ሰኞ ዳቦዬን ሰላም ሳትለኝ ነው የሰጠችኝ፤ መልሱንም ባንኮኒው ላይ ነው ያስቀመጠችልኝ። አይፈረድባትም። ልጅቷም ኩርፊያ አላጣችም፤ ግን እሷ ሥራዋ ነውና፣ ስንት ቤት እንዲህ ዓይነት ፎቶ እንደሰጠሁ ጠየቀችኝ። እንደማላውቅ ስነግራት ከጀርመኖቹ ፎርም አንዱን ባዶውን አተመችና «የሚያስታውሱትን ይሙሉበት» ብላ ሰጠችኝ። ሙልት ያለ አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም።

ማክሰኞ ከሰዓት ጎረቤቴ ፎቶዋን ታቅፋ ግቢ ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ከቀለሙ ሥር ምን አለ?» አለችኝ።

«የለበሰው ልብስ አለ።»

«ምን ነበር የለበሰው?»

«ልጄ፣ አላስታውስም። ያኔ ልብሱን አይደለም የማየው፤ የምሸፍነውን ቦታ ነው።»

«ማንሳት ይቻላል?»

እውነቱን ነገርኳት። የውሃ ቀለም ነው፤ ላዩን ቫርኒሽ አልቀባሁትም፣ ለቅሶ ይደርሳል ሲሉ ጊዜ አልነበረማ። በእርጥብ ጥጥ ሊለቅ ይችላል። ግን ወረቀቱ አርጅቷል፤ ውሃው ቢበዛ ከሥር ያለው ፎቶ አብሮ ይነሳል። ፊቱም ቅርብ ነው። ሌላ ፎቶ የለም፣ ኔጋቲቩንም ቆሼ በልቶታል። ይህን ሁሉ ሰምታ ቆማ አሰበች። ልጅቷ አስቀድማ ፎቶውን እንዳለ በደንብ አነሳችላት፤ ቢያንስ ወታደሩ እንዳይጠፋ።

«አንሱልኝ» አለች ጎረቤቴ።

ጠረጴዛውን ፀሐይ ያለበት በረንዳ ላይ አወጣነው፣ ፎቶውንም ከፍሬሙ ፈታነው። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በብርጭቆ አቀረብኩ፣ ጥጥ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠቀለልኩ። ጎንበስ ስል እጄ ተንቀጠቀጠ። አዲስ አይደለም፣ ዓመታት ሆኖታል፤ ሻይ ስይዝ እንኳ ሰሐኑ ይንቀጫቀጫል። ከፊቱ ስር አንድ ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ በዚህ እጅ መግባት አልደፈርኩም። ጎረቤቴ ሳትናገር እንጨቷን ከእጄ ወሰደች።

«ይንገሩኝ ብቻ» አለች።

ነገርኳት። ጥጡን ነክረሽ ጨምቂው፤ አትፈትጊ፣ አንከባልይው፤ ወደ ላይ አትሂጂ፣ ከፊቱ ራቂ፤ በቆሸሸ ቁጥር ጣዪው። እጇ ከእኔ ይልቅ የተረጋጋ ነበር። መጀመሪያ የጠፋችው የባለቤቴ ቁልፍ ናት፤ ጥጡ ላይ ቡናማ እድፍ ሆና ቀረች። ከዚያ የአሥር አለቃው ኮሌታ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ልጅቷ አዲስ ጥጥ እየጠቀለለች ታቀብላለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከኮሌታው ሥር ነጣ ያለ ነገር መጣ። እኔ ወረቀቱ የተላጠ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ «በቃ፣ አቁሚ» አልኳት።

አላቆመችም። ነጩ አንገቱን ዞረ። ከበታቹ ጥቁሩ ጀመረ፣ በጥቁሩ ላይ የክሩ ጉብ ጉብ ይታያል። አሁን እሷ ናት ከእኔ ቀድማ የምታውቀው፤ ጥጡን ሳትጠይቀኝ ወደ ደረቱ፣ በስተግራ፣ አንድ ቦታ ላይ ወሰደችው። አንድ ሁለት ጊዜ አንከባለለች። ቀዳዳው ወጣ።

እንጨቷን አስቀመጠች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ጣቷን፣ ሳታስነካው፣ ከቀዳዳው በላይ ያዘች።

«ለብሶታል» አለች።

ከውጭ የታክሲ ረዳት «አየር ጤና፣ አየር ጤና» ሲል ይሰማ ነበር። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እንደ ለቅሶ ቤት ጮክ ብላ ሳይሆን፣ ቀስ ብላ፣ ለረጅም ጊዜ። «እስከዛሬ ተቀይሜው ነበር» አለች። «በሞተ ሰው ላይ ቂም ይዤ ኖርኩ፣ ጋሼ።» እኔም አለቀስኩ። ለእሷም ነው፣ ለራሴም ነው፤ ልጁ ለፎቶ የለበሰላትን ነገር ሸፍኜ፣ በላዩ ቁልፍ የቀባሁት እኔ ነኝ።

ስትረጋጋ የቀረውን ኮት እንድናነሳላት ጠየቅኳት። ትከሻዎቹ እንዳሉ ነበሩ፤ ልጁ ከትከሻው ወታደር፣ ከደረቱ ተማሪ ሆኖ ነበር የቀረው። ይብቃ አለች። ልጅቷ ለራሷ መዝገብ ፎቶውን እንደገና አነሳችው። ፎርሙ ላይ የጦር ክፍል የሚለውን «አይታወቅም» ብላ ሞላች፤ ልብስ የሚለው ቦታ ላይ ግን ለጀርመኖቹ ጽፋ የማታውቀውን ያህል ጻፈች።

የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የቤቴሉ ሰውዬም የጦር ክፍሉ ሳይታወቅ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ነግረዋታል። እኔ ያችን ባዶ ፎርም ኪሴ ይዤ፣ ያስታወስኩትን ቤት አንዳንዱን እየዞርኩ አንኳኳለሁ፤ ቤተሰቡ ከፈለገ እነግራለሁ፣ ካልፈለገ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ጎረቤቴ ፎቶውን ከሳሎኗ አውርዳ ሱቁ ውስጥ፣ ከሚዛኑ አጠገብ በእሷ ቁመት ልክ ሰቀለችው። ባለፈው ዳቦ ልገዛ ቆሜ፣ አንድ የማላውቀው ደንበኛ ፎቶውን አይቶ ጠየቃት።

«ወንድምሽ ነው? ወታደር ነበር እንዴ?»

«ተማሪ ነበር» አለችው። «ሹራቡን እኔ ነኝ የሠራሁለት።»